ሁለቱም ሰዓቶች ልክ ነበሩ

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ደሞዝ የተከፈለኝ ግራ ለመጋባት ነው። ሌላው ሰው ሙያው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መሐንዲስ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ መምህር ነኝ ይላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፀዳ ከተማ ያሉት ጎረቤቶቼ «ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» ሲሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ አጥቻለሁ። አንድ ነገር ይበላሻል፤ ለምን እንደተበላሸ ማንም አያውቅም፤ እኔ እጠራለሁ፤ ስደርስ እኔም አላውቅም። ከሌላው የምለየው አለማወቄን ታቅፌ ረጅም ሰዓት መቀመጥ በመቻሌ ብቻ ነው።

አባቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ሐሳቡም ሱቁ ውስጥ ሊያስቀረኝ ነበር። እኔ ግን ታይፕ ተምሬ ደባርቅ ተቀጠርኩ። ሁለት ክረምት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ጎንደር ተዛወርኩ፤ ከፒያሳ ትንሽ ከፍ ብሎ የመሬት ጉዳይ የሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ልጆች የማያውቁት ጥፋት ነው የማወራው። ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፕ የምትችል ኮምፒውተርም ታውቃለች ተባለና ለእኔ ተሰጠ። የመጀመሪያው አለቃዬ በጥልፍ ጨርቅ አስሸፍኖት አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን አስቸነከረ። ሁለተኛው ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ዘይነባን ጥሩልኝ፣ እሷን ይፈራታል» ይል ነበር። እውነትም አንዳንዴ ስገባ ይሠራ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ አያ ድረስ ነው። በወጣትነቱ ከዳባት እስከ ደባርቅ የስልክ እንጨት ላይ እየወጣ ሽቦ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር፤ በኋላ ኔትወርኩን የዘረጋልንም እሱ ነው። ፊት ለፊት ሳናግረው በአንቱታ ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ እሱ እያልኩ ስጽፈው ቢያየኝ ይቆጣ ይሆናል። ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለበት ክፍል ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እኛም ለመድነው፤ ደጃፉ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይለይም ነበር። ገመድ ሲጠረጥር ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቱ መሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፈዋል፤ ጣቱ የቆመበት ቦታ ሲታይ አይጥ የነካችው ይሆናል። አንድ ነገር ይለውጣል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ስነካ ካየኝ ያን ቀን አያናግረኝም።

አንድ የማልወድለት ጠባይ ነበረው። ምክንያት አይናገርም። የማይነካ ነገር ካለ ትንሽ ወረቀት ቀዶ «አይነካም» ብሎ ይጽፍና ይለጥፍበታል። ለምን ስለው «ቆይ፣ ይገባሻል» ይለኛል። ጡረታ ሲወጣ አንድ ክፍል፣ አንድ ያረጀ ሰርቨርና ወደ ሃያ የሚጠጉ «አይነካም» ወረቀቶች ትቶልኝ ሄደ። ብዙዎቹ ለምን እንደማይነኩ ቀስ በቀስ ገባኝ። አንዱ፣ ሰርቨሩ ስክሪን ግርጌ ላይ የተለጠፈው፣ ሳይገባኝ ቀረ።

እሱ ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰርቨሩ ሊሞት ደረሰ። ማራገቢያው ሲያቃስት ኮሪደር ላይ ይሰማ ነበር። አዲስ ይገዛና ዶሜይኑ ወደ እሱ ይዛወር ተባለ። ዶሜይን ማለት የግቢ ዘበኛ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ክፍል መክፈት እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው። የእኛ ሥራ አሮጌው ዘበኛ የሚያውቀውን ሁሉ ለአዲሱ አስረክቦ፣ ሠላሳ ሁለት ኮምፒውተሮችን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህኛው ነው የምትታዘዙት» ማለት ነበር። ለዚህ ከአዲስ አበባ ኢንጂነር ዮናስ የሚባል ባለሙያ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ቶሎ የሚበርደው ሰው ነው።

ችግሩ ሳምንቱ ነበር። የመሬት ምዝገባው ዝርዝር በየቀበሌው ተለጥፎ፣ ቅሬታ ያለው ሰው እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ እኛ ዘንድ እንዲያስመዘግብ ቀነ ገደብ ተሰጥቶ ነበር። ቅሬታው ኮምፒውተር ላይ ይገባል፤ ሰዓትና ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይወጣል፤ ባለጉዳዩ ደረሰኙን ይዞ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ ይቀርባል። በእጅ የተጻፈ ኮሚቴው አይቀበልም። ለአለቃዬ ሥራው አንድ ሳምንት ይቆይ አልኩት። ሰውየው መጥቷል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ተብያለሁ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራውን ስንጀምር ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀድማ ደርሳ ነበር። ከዳባት በላይ ካለ ቀበሌ በሌሊት ተነሥታ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ አብረው ያርሱት የነበረው የገብስ ማሳ በወንድሙ ስም ተመዝግቦ ዝርዝሩ ላይ ወጥቷል። ያለችው ማሳ ያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አይሠራም ሲሏት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እቴ፣ ይኸ ነገር ተዓርብ በፊት ይድናል?» አለችኝ።

«ዛሬ ከሰዓት በፊት ይድናል» አልኳት። እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት አያ ድረስ አይወድም ነበር።

አልዳነም። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ዶሜይን ስናስገባው አልገባም አለ። አዲሱን ሰርቨር ያየዋል፣ ስሙን ይጠራዋል፣ መልስም ያገኛል፤ ልግባ ሲል ግን ይባረራል። ሁለተኛውም እንዲሁ። አድራሻዎቹን አየን፣ ልክ ናቸው። ፓስወርዱን ቀየርን፣ ያው ነው። ከዚያ ከኮምፒውተሮቹ አንዱ መልእክት አወጣ፤ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት አይገጥምም የሚል። የማሽኖቹ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አዲሱ ዘበኛ ማንንም አያስገባም፤ የተሰረቀ መግቢያ ቆይቶ እንዳይሠራ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ዮናስ አዲሱ ሰርቨር ያለበት ክፍል ነበር፤ እኔ አሮጌው ዘንድ። በኮሪደሩ ጮኼ ጠየቅኩት።

«ያንተ ስንት ይላል?»

«ሦስት ከአሥር። ያንቺስ?»

የኔን አየሁ። «ሦስት ከአሥር።»

«እንግዲያው መልእክቱ ነው የተሳሳተው» አለ። እኔም ተስማማሁ።

ሰዓት እንዳልሆነ አረጋግጠናልና ወደ ሌላው ዞርን። ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው የዮናስ ላፕቶፕ ነው። እሱ አዲሱ ዶሜይን ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ያው ገመድ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ፓስወርድ፤ የእንግዳውን ይቀበላል፣ የኛን ይመልሳል። ገመድ ቀያየርን። ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች አጥፍተን አበራን። ሐሙስ ዕለት አያ ድረስ ቢያየኝ ዕድሜ ልኩን የማያናግረኝን ሥራ ሠራሁ፤ አድራሻውን፣ ገመዱንና የኮምፒውተሩን ስም ባንዴ ለወጥኩ። ከዚያ በኋላ ከነገሩ መሐል የቱ ድሮም የተበላሸ፣ የቱ እኔ ያበላሸሁት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ገመዶቹን ሳይ፣ ሙያዬ ነው ያልኩት ነገር ሁሉ ከእጄ ወጣብኝ። ለአያ ድረስ መደወል ነበረብኝ። ኮራሁ፣ አልደወልኩም።

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰልፍ እየሳሳ ሄደ። ከሩቅ የመጣ ሰው ስንቁ ያልቃል፤ ሐሙስ ማታ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ወደየአገራቸው ተሳፈሩ። ጥሩወርቅ ቁስቋም ካለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ እያደረች ትመለሳለች። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች፤ ምንም አትለኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ዮናስ አዲሱን ሰርቨር አሮጌው ያለበት ክፍል አምጥቶ ሁለቱን ስክሪኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ጎን ለጎን ሆነን እናያቸዋለን፣ አይገባንም። ጥሩወርቅ መጣች። የኛን ጫማ በር ላይ ስታይ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ገባች። የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቁጥር ተምራለች፤ ከዚያ ብዙም አላለፈችም።

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይደርስልኛል?»

«ገና ነው፤ ሦስት ከሩብ ነው» አልኳት።

ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። «ይኸኛው ሦስት ይላል። ይኸኛው ዘጠኝ ይላል። እኔ በየቱ ነው የምጠብቀው?»

ዘጠኙ የፈረንጅ ነው፣ በኛ ሦስት ማለት ነው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። እዚያው ቀረሁ። ዮናስን አየሁት። ረቡዕ ዕለት «ሦስት ከአሥር» ብሎ ሲጮህልኝ ፊቱ ያለው ስክሪን ዘጠኝ ከአሥር ነበር የሚለው። እንደማንኛችንም ሳያስበው በልቡ ወደ ሀበሻ ሰዓት መልሶ ነው የነገረኝ። የኔው አሮጌ ሰርቨር ደግሞ ራሱ ስክሪኑ ላይ ሦስት ከአሥር ይል ነበር፤ የሀበሻ ሰዓት ተሞልቶለታል። ሦስት ቀን ሙሉ ስድስት ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ሰዓቶችን እያየን ሁለቱም ልክ ናቸው እንል ነበር። ኮምፒውተሮቻችን ሰዓታቸውን የሚወስዱት ከአሮጌው ነው። የዮናስ ላፕቶፕ የራሱን ሰዓት ይዞ ስለመጣ ነው የገባው።

ዮናስ ግንባሩን ይዞ ይስቅ ጀመር፤ እኔም ሳቅኩ። አያ ድረስ መሳሳቱ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ስክሪኑ ግርጌ ያለውን «አይነካም» ወረቀት ላጥኩትና የሰርቨሩን ሰዓት በፈረንጅ ሞላሁት። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ተከትለው ገቡ። ሁሉም ገቡ።

የመጀመሪያዋ ደረሰኝ የጥሩወርቅ ናት። ቁጥር አንድ፣ ሰዓት 09:47። ወረቀቱን ስማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ሸጋ ሰው ነሽ፣ እቴ» ብላኝ ሄደች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ እንኳን አልያዝኩም፤ ደስ ብሎኝ በእግሬ ነው የወረድኩት።

ግንቦት ነበር። ነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናቡ በኃይል ሲወርድ፣ ጥሩወርቅን ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ዘግይተሻል አሉኝ» አለች።

«ማን?»

«ኮሚቴው። ማሳውንም ያ የባሌ ወንድም ዘርቶበታል።»

ደረሰኙን ሰጠችኝ። አየሁት፤ ልክ ነው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት፣ ቀነ ገደቡ ስድስት ሰዓት፤ ምኑ ነው የዘገየው? ወረቀቱን መለስኩላትና ደግሜ ተቀበልኳት። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሰባት ይላል። ዓይኔ ሲያየው ሦስት እያለ ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠኝ ነው። ኮሚቴው ለዓመታት ከዚህ መሥሪያ ቤት የሚመጣለት ወረቀት በሀበሻ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሲያይ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ነው ያለው። ሌላ ምን ይበል?

ያን ዕለት ቁስቋም ወዳለው የአያ ድረስ ቤት ወጣሁ። አያ ድረስ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደክሟል። ገና ሳልጨርስለት ገባው።

«ነካሽው?»

«ነካሁት።»

ከዚያ ነገረኝ። ሰርቨሩ በፈረንጅ ሰዓት ይሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ የጃናሞራ ሰው በደህና ሰዓት ያስመዘገበው ይግባኝ ዘግይቷል ተብሎ ወድቆበታል። «ተዚያ ወዲያ ሰዓቱን እንደ ሰዉ ሰዓት አደረግሁት» አለ።

«ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ወረቀት ለጥፌልሽ ነበር።»

«አይነካም ነው እንጂ የሚለው፣ ለምን እንደማይነካ አይልም።»

«ምክንያቱን ብጽፈው ኖሮ አንቺ የተሻለ ዘዴ አለኝ ብለሽ ትነኪው ነበር።»

ይህን ያለኝ እውነት ይሁን ራሱን ለማዳን አሁንም አላውቅም። ተናድጄበት ነው የወጣሁት፤ ዛሬም ሳስበው ትንሽ ያናድደኛል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን የላጠው እጅ የኔ ነው።

አለቃዬ ስሕተቱን የሚያምን ደብዳቤ አልፈርምም፣ መሥሪያ ቤቱን ታዋርጃለሽ አለኝ። የዓመት ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ዳባት ሄድኩና ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ሰብሳቢው ደረሰኙን እያገላበጠ «እኮ አንቺ ስትሰጫት ስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ።

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት።»

«እዚህ ላይ ዘጠኝ ይላል።»

«ዘጠኝ የሚለው ሦስቱን ነው።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ በላይ እንዴት እንደማስረዳ ጠፋኝ። በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ የእጄ ሰዓት አጠገብ አስቀመጥኩላቸው፤ አንዱ አራት፣ አንዱ አሥር ይላል። እነሱም እንደኔው ብዙ አዩት። ጉዳዩ እንደገና ታየ። ጥሩወርቅ የዚያን ዓመት ገብስ አጣች፤ ማሳዋን ግን በሚቀጥለው ክረምት አረሰችው።

ውሳኔው የተነገራት ቀን አብሬያት ነበርኩ። ስንወጣ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ያ ሰውዬስ?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ተራውን የሰጠኝ። ያን ዓርብ እኮ ፊተኛው እሱ ነበር። ሴት ናት፣ ሦስት ቀን ቆየች ብሎ አሳለፈኝ።»

ለካ እኔ ስለ አንድ ደረሰኝ ብቻ ነበር ሳስብ የከረምኩት። ጎንደር ተመልሼ የዚያን ቀን መዝገብ አወጣሁ። ከጥሩወርቅ በኋላ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ አምስት ሰው አስመዝግቧል፤ አምስቱም ዘግይታችኋል ተብለዋል። አንዳቸውም ተመልሰው አልጠየቁም። ወረቀቱ ዘጠኝ ካለ ዘጠኝ ነው ብለው ተቀብለውታል። አራቱን በደብዳቤም በስልክም አገኘኋቸው፤ ሁለቱ ጉዳያቸው ታየላቸው፣ ሁለቱ በሽማግሌ ቀድመው ተስማምተው ነበር። አምስተኛው የ09:52ቱ ነው፤ አያ ፈንቴ የሚባል የወገራ ገበሬ። ስልክ አላስመዘገበም። ወደ ቀበሌው ስደውል መሬቱ ለሌላ ሰው የይዞታ ደብተር ወጥቶበታል፣ ፋይሉ ተዘግቷል አሉኝ። ሄጄ ልንገረው ብዬ አሰብኩ፤ ፈራሁ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ጡረታዬ ደረሰ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሄድኩ። ከመኪና መንገዱ አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ቤቱ ያለችው ሚስቱ ብቻ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«እሱ የለም። መተማ ወርዷል፤ የሰው ሰሊጥ ያርማል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ተራውን ለሰው ሰጥቶ መሬታችንን ካስበላ ጀምሮ። እኔው ነኝ ውጣልኝ ያልሁት። ደጉ ሰው፣ ለማያውቃት ሴት ሲያዝን ለልጆቹ ዘገየ።»

አልዘገየም አልኳት። አልገባትም። እኔም እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም፤ ስለ ሰርቨሩ ጀምሬ ተውኩት፣ ስለ ፈረንጅ ሰዓት ጀምሬ ተውኩት። በመጨረሻ «የመጣው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ምንም ሳትለው ለእኔ ሰጠችኝ።

ነገርኩት። «ታዲያ ደርሻለሁ?» አለኝ።

«በጊዜው ነው የደረሱት፣ አያ ፈንቴ። ተራዎን ሰጥተውም ሁለት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ይቀርዎት ነበር።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱ አልተመለሰም። ልመልሰው አልቻልኩም።»

«እሷ ሰምታለች?»

«እዚሁ ናት።»

«ስጫት» አለኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ረጅም ጊዜ አዳመጠችና «ና» አለችው።